ሐረጎን ለሚወጣ መኪና፦ የሂተር ውሃ

ከኮምቦልቻ ደሴ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,850 ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ታች መስኮት ከፍቶ የተነሳ ሾፌር በመካከሉ ባለው የሐረጎ አቀበት ላይ ጉም ሲገባበት መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀው ሂተር «አይሠራም» ተብሎ ከተተወ ቆይቷላ። የሂተሩን ራዲያተር ከመውቀሳችሁ በፊት ውሃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ቫልቩን የሚስበውን ሽቦ (ካቦውን)ም እዩ።

ውሃው ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ከቴስታታው ሞቆ ይወጣል፣ በሂተሩ ራዲያተር ያልፍና ወደ ውሃ ፓምፑ መሳቢያ ይመለሳል። ቫልቩ መግቢያው ጎማ ላይ ይሁን። መመለሻው ላይ ከገባ ተዘግቶም ራዲያተሩ በፓምፑ ግፊት ሥር ይቆያል፤ ያረጀ ከሆነ የሚያፈሰው ሰው እግር ሥር ነው።

ሞተሩን አሙቁና ቫልቩን ከፍታችሁ ሁለቱን ጎማዎች ዳስሱ፣ ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) እና ከማራገቢያው እጃችሁን አርቃችሁ። ሁለቱም ከሞቁ ውሃው ይዞራል። መግቢያው ሞቆ መመለሻው ለብ ካለ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ከቫልቩ በኋላ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ቫልቩ ተጣብቋል፣ ወይም አየር ይዟል። ሁሉም ነገር ለብ ብቻ የሚል ከሆነ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) መኖሩን አረጋግጡ። አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ ለደሴ ብርድ ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

ካቦው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ትለውጣለች። ቫልቩ ሩብ ያህል ሲከፈት አብዛኛው ሙቀት ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ቢከፈት ጭማሪው ትንሽ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሂተር ማንሻ «ቀዝቃዛ» ላይ አድርጉ፣ የቫልቩን ክንድ እስከ መጨረሻው ዝጉ፣ የካቦውን ማሰሪያ ያኔ አጥብቁ። በግማሽ ቫልቭ ሙቀት ለማመጣጠን መታገል ልፋት ነው፤ ለዚህ በሂተሩ የሚያልፈውን አየር የሚመጥነው የአየር መዝጊያ ይሻላል።

አዲስ ቫልቭ ስትገዙ አፉን ቁጠሩ። ባለ ሁለት አፉ ሲዘጋ መንገዱን ጭራሽ ይዘጋል፤ ባለ አራት አፉ ግን ውሃውን ሂተሩን ሳያስነካ ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል። አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ውሃ የሚዞረው በዚሁ መስመር ነው። እዚያ ላይ ጎማውን በብሎን መድፈን ውሃውን ቴስታታው ውስጥ ያቆመዋል፤ ቴርሞስታቱም ሙቀቱን ዘግይቶ ይሰማል። የሚከተለው ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ማቃጠል ነው። ሂተሩ ካፈሰሰና መንገድ ላይ ከሆናችሁ ሁለቱን ጎማዎች በብረት ቱቦና በማሰሪያ አገናኙ እንጂ አትድፈኑ።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ሌላም ጥቅም አለው፦ አቀበቱ ላይ የሞተሩ ሙቀት ጌጅ ሲወጣ ሂተሩን ሙሉ ከፍታችሁ ማራገቢያውን መጨረሻ ላይ ብታደርጉ ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይወስዳል።

አየር ማስወጣት የሚዘነጋ ሥራ ነው። ሞተሩ በርዶ፣ መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ደሴ ላይ ዳገት አይጠፋም። ሂተሩን ክፈቱ፣ የትልቁን (የሞተሩን) ራዲያተር ክዳን አንሱ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ በሚኒሞ አስነሱትና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት እያያችሁ ውሃ ጨምሩ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቦጫቦጭ ድምፅ ካለ አየሩ አልወጣም። ክዳኑን በሙቀት አትንኩ፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ግፊቱ ሲለቀቅ ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የምትሞሉትም የወንዝ ውሃ አይሁን፤ የተጣራ ውሃና አንቱፍሪዝ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ጭቃና ኖራ ቀድሞ የሚደፍነው ያንኑ ጠባቡን የሂተር ራዲያተር ነው።