ወተቴ ነጠፈ ከማለትሽ በፊት ቫልቩን እዪው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ጠብታ ውኃ እንኳ እንዳትሰጪ ይልሻል። በመሃል የሚቀሩትን ሦስት ወራት በምን እንደምትሞያቸው የሚነግርሽ የለም። ክትባት ስትሄጂ የሚሰጥሽ ምክር "አልበሽ አስቀምጪ" ነው፤ በምን፣ እንዴት፣ ስንት ብትዪ ወረፋው ረጅም ነው። ፋርማሲው የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕ ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዶ "ኦሪጅናል ነው" ይልና ሒሳቡን ይጠብቃል። እኔ ስገዛ ያልተነገረኝን ነው እዚህ የምጽፈው። ዋጋ አልጠቅስም፤ የዛሬው ለሚቀጥለው ወር አይሠራም።

መጀመሪያ በእጅ ማለብ ልመጂ። ነፃ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። አውራ ጣትሽን ከጡት ጫፍ በላይ፣ ሌሎቹን ከበታች፣ ከጫፉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ አስቀምጪ። ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ልቅቅ። ጣቶችሽ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም። ወተቱ ሲቀንስ ጣቶችሽን በጡቱ ዙሪያ አዙሪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለው እንገር ወፍራምና ትንሽ ስለሆነ ከፓምፕ ይልቅ እጅ ያወጣዋል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ከኋላው የጎማ ኳስ ያለውን፣ ኳሱን ጨምቀሽ የምትለቂውን ፓምፕ አትግዢ። ርካሹም እሱ ነው፣ የትም የማይጠፋውም እሱ ነው። ወተት ወደ ኳሱ ይገባል፤ ኳሱ ደግሞ አይከፈትም፣ ብሩሽ አይገባበትም፣ ውስጡ አይደርቅም። ስበቱን መመጠን ስለማይቻል ጡትም ያቆስላል። ይህን ዕቃ ለአራስ ሴት የሚሸጥ ባለሙያ እስካሁን ያናድደኛል።

ገንዘብ ለሚያጥራት ሴት ምርጫዬ እጀታ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ከልጅሽ የምትለዪው በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት የማጥቢያ ጊዜ ከሆነ ሌላ አያስፈልግሽም። ሙሉ ቀን ቢሮ የምትውይ ከሆነ ግን እጅሽ ስለሚዝል በዩኤስቢ የሚሠራ ባለሞተር ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋ በፓወር ባንክ ይሄዳል። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገቡት ገመድ አልባ ፓምፖች ለዓይን ያምራሉ፤ መለዋወጫቸው ስለማይገኝ አንዷ ጎማ ስትቀደድ ሙሉው ዕቃ ይጣላል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቂው "ቫልቩን ለብቻው ትሸጣለህ ወይ?" ብለሽ ነው። የለም ካለሽ፣ ፓምፑ ምንም ያህል ቢረክስ እለፊው።

ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚላክልሽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ መድን ድርጅቶች የፓምፕ ወጪ እንዲሸፍኑ ስለሚያስገድድ ዘመድ ቤት ፓምፕ አይጠፋም። ሶኬት ላይ ከመሰካትሽ በፊት አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ኢንፑት የሚለውን አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ የእኛው 220 ያቃጥለዋል። እንዲህ ከሆነ አውትፑቱ ከመጣው አዳፕተር ጋር በቮልት እኩል፣ በአምፔር እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም የሚገጥም አዳፕተር እዚሁ ትገዣለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ እናቶች ሥራ በገቡ በሳምንት በሁለት ሳምንት "ወተቴ ነጠፈ" ይላሉ። ጎረቤት የአጃ አጥሚትና አብሽ ያዛል፣ ሱቁ የዱቄት ወተት ያቀርባል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ሁለት ቦታዎች ነው።

አንደኛው ጡት ላይ የሚገጠመው ሾጣጣ ፕላስቲክ ነው፤ ሻጮቹ ፍላንጅ ይሉታል። ካርቶን ውስጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 24፣ 27 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት እንጂ የጡትሽ ትልቅነት አይደለም፤ ትልቅ ጡት ያላት ሴት ትንሽ ፍላንጅ፣ ትንሽ ጡት ያላት ትልቅ ፍላንጅ ልትፈልግ ትችላለች። ከማለብሽና ከማጥባትሽ በፊት የጡትሽን ጫፍ ስፋት ከሥሩ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለኪ፣ ጥቁሩን ዙሪያ አትቁጠሪ። ከዚያ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጨምሪበት። 16 ከወጣ 17 ወይም 19 ትሞክሪያለሽ፤ 28ቱ ለአንቺ አይሆንም ማለት ነው። ግራና ቀኙ ስለሚለያይ ሁለቱንም ለኪ። ፍላንጁ ሲሰፋ ጥቁሩ ዙሪያ ተጎትቶ ይገባና ያብጣል፤ ያበጠው ሥጋ ደግሞ የወተቱን መንገድ ይዘጋል። ሲጠብ ጫፉ ግድግዳውን እየፈተገ ይሰነጠቃል፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ይልሻል። ለሁሉም አይሆንም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ትልቁ ፍላንጅ ውስጥ የሚገባ ማጥበቢያ ሲሊኮን በ17፣ በ19፣ በ21 ለብቻው ይሸጣል።

ሁለተኛው ቫልቩ ነው፤ በፍላንጁና በጠርሙሱ መሃል ያለችው፣ የዳክዬ አፍ የምትመስለው ትንሽ ጎማ። ፓምፑ ሲስብ አፏ ይዘጋል፣ ሲለቅ ተከፍታ ወተቱን ወደ ጠርሙሱ ታወርዳለች። አፏ በደንብ ካልዘጋ ፓምፑ የሚስበው የጠርሙሱን አየር እንጂ ጡትሽን አይደለም። ሞተሩ ያው ይጮኻል፣ መብራቱ ያው ይበራል፣ ከውጭ ምንም አታዪም። ጡቱ ግማሽ ወተት ይዞ ይቀራል፤ ወተት የሚቀርበት ጡት ደግሞ ለነገው አሳንሶ ያመርታል። መንጠፍ የሚባለው እንዲህ ይጀምራል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ቫልቩን ነቅለሽ አጥቢና አድርቂ፣ ከዚያ አፏን ወደ ብርሃን ይዘሽ ተመልከቺ። ሳትነኪያት በስንጥቋ ብርሃን ካለፈ መጣል ነው። ጎንና ጎኗን በሁለት ጣት ጫን ስትዪ መከፈት፣ ስትለቂ ወዲያው ግጥም ማለት አለባት። ስንጥቋ ጥግ ላይ የፀጉር ያህል ተርትሮ ከሆነም ጨርሳለች። ቀጥለሽ ፓምፑን ገጣጥመሽ ፍላንጁን በረጠበ መዳፍሽ ላይ ያዢ፤ ቆዳሽን ቆንጥጦ ካልያዘ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ባለ ቱቦ ከሆነ የቱቦውን ጫፍ እዪ፤ ከላላ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጠሽ መልሰሽ ሰኪው።

ቫልቭ የሚገድለው ማጠቢያ ብሩሽና ጥፍር ነው። ስንጥቋ ውስጥ የቀረ ወተት ካለ በሳሙና ውኃ ዘፍዝፈሽ በጣቶችሽ ለስለስ አድርገሽ እሺው እንጂ ምንም አታስገቢባት። በቀን ሁለት ሦስቴ የምታልብ ሴት በየሁለት ወሩ ገደማ ትቀይር። ፓምፑን ስትገዢ ሁለት ትርፍ ቫልቭ ያዢ፣ አንዱ ቦርሳሽ ውስጥ ይዋል።

የስበት ደረጃ የሚቆጠርበት ማስታወቂያ አያማልልሽ። ሕመም ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ይይዘዋል፤ ሊያምሽ ከጀመረበት አንድ ደረጃ ዝቅ በዪ። በፈጣኑና በቀላሉ ስበት ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ወተቱ መውረድ ሲጀምር በዝግታውና በጠንካራው፣ በጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከሕፃንሽ ለዘጠኝ ሰዓት የምትለዪ ከሆነ ከ270 እስከ 350 ሚሊ ሊትር አስቢ፤ ለአንድ ጊዜ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ቤት ሳለሽ አጥብተሽ ወዲያው ስታልቢ 30 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ጥሩ ነው፣ አትደንግጪ።

ያገለገለ ፓምፕን አምራቾቹ በደፈናው ይከለክላሉ። እኔ እለያለሁ። ወተትና ሞተሩን የሚለይ ስስ ጎማ የሌለው፣ ቱቦው በቀጥታ ወደ ሞተር የሚሄደው ከሆነ ከእህትሽም ቢሆን አትቀበዪ፤ ውስጡ ሻጋታ ይይዛል፣ ሞተር ደግሞ አይቀቀልም፣ ኤች አይ ቪን ጨምሮ በወተት የሚተላለፍ በሽታም አለ። መለያ ጎማ ያለው፣ ጎማውም ያልተቀደደ፣ ባለቤቷን በቅርብ የምታውቂያት ከሆነች ግን ወተት የሚነካውን ሁሉ አዲስ ገዝተሽ ሞተሩን መጠቀም ያዋጣል። ስልባጅ ተራ ላይ የተደረደረው ከማን እንደመጣ ስለማይታወቅ ይቅርብሽ።

ክፍሎቹን ለእነሱ ብቻ በለየሽው ሳፋ እጠቢ፣ አምስት ደቂቃ ቀቅዪ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳትወለውዪ አድርቂ። ቱቦና ሞተር አይቀቀሉም። መመሪያው ባለብሽ ቁጥር ይታጠብ ይላል፤ የቢሮ መጸዳጃ ቤት ሲንክ ውስጥ ማጠብ ግን ካለማጠብ ይብሳል። ሁለተኛ ፍላንጅና ጠርሙስ መግዣ ካለሽ ግዢ። ከሌለሽ፣ ልጅሽ ቀኑን ጠብቆ የተወለደና ጤነኛ ከሆነ፣ ያለብሽባቸውን ክፍሎች በንጹሕ ፕላስቲክ አስረሽ ፍሪጅ ውስጥ እያኖርሽ ማታ ማጠቡን እመርጣለሁ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ይህን አታድርጊ።

የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ይቆያል። ድሬዳዋ ላይ በቀን ሙቀት አራቱን ሰዓት አትመኚው፣ ወዲያው በረዶ ላይ አድርጊው። ጠርሙሱ ላይ ቀን ጻፊ፣ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር እየከፈልሽ አስቀምጪ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩ፤ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ክፍት ቦታውን በውኃ የተሞሉ ላስቲኮች ሙዪው። መብራት ሲመጣ ወተቱ ውስጥ ገና የበረዶ ፍርፋሪ ካለ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የቀለጠውን ፍሪጅ ውስጥ አድርጋ በ24 ሰዓት ውስጥ እንድትሰጠው፣ ከሲኒው የተረፈውንም ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታቆየው ለሞግዚቷ ፍሪጁ በር ላይ ጽፈሽ ለጥፊላት።