ራውሊንስ፣ እሑድ ጠዋት

ከትናንት ማታ ጀምሮ መንገዱ ዝግ ነው። አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ ሲነሣ ባዶ ተጎታች ይገለብጣል፤ ስለዚህ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁላችንም ራውሊንስ ከተማ ገብተን ቆመናል። እሑድ ስለሆነ መሰለኝ ሆዴን ባር ባር ብሎት አደረ። ጠዋት ቁርስ ፍለጋ ወጥቼ እግሬ የፕሬስቢቴሪያኖች፣ የፕሮቴስታንቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረሰኝ። ስሙን ሳነበው እማዬ ትዝ አለችኝ፤ የወለጋዋ የሰዮ ልጅ፣ ፕሬስቢቴሪያኖች የተከሏት የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ልጅ።

ራውሊንስን የወለዳት ውሃ ነው። የባቡሩን መስመር ሲቀይሱ ምንጭ ተገኘ፤ በጄኔራል ራውሊንስ ስም ተጠራ፤ ሐዲዱም እ.ኤ.አ. በ1868 ደረሰ። ያደግሁባት ድሬዳዋም እንዲሁ ናት፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው ቆላው ላይ የተቆረቆረች። በዓመቱ፣ በ1869፣ ሸልደን ጃክሰን የሚባል አጭር ሚሲዮናዊ ሐዲዱን ተከትሎ መጣ። ሻያን፣ ላራሚ፣ ራውሊንስ፤ ባቡር በቆመበት ሁሉ ጥቂት ሰው ሰብስቦ ማኅበረ ምእመናን መሠረተ። አሁን ያለው የድንጋይ ሕንፃ የተሠራው ኋላ በ1882 ነው። ድንኳንና መጠጥ ቤት በሞላበት ሰፈር «እንጸልይ» ብሎ መጀመር ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል! ሰውየውን ወደድኩት።

ግን እኮ ይኸው ሰው ኋላ አላስካ ሄደ። በ1885 የትምህርት ኃላፊ ሆኖ ተሾመና ልጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲማሩ፣ የእናታቸውን ቋንቋ እንዲተዉ ገፋ። ይህን ሳስብ ቁርሱም ጠፋኝ።

ሰዮ የገባው ሌላ ፕሬስቢቴሪያን ነው፣ ዶክተር ላምቢ፤ በ1919፣ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ በሱዳን በኩል። እማዬ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። ስትጸልይ ግን በኦሮምኛ ነው። «ያ ዋቃዮ» ስትል ድምፅዋ ይለወጣል፤ ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ እሰማት ነበር። ሰዮ የደረሰው ጃክሰን ቢሆን ኖሮ ያንን ድምፅ እሰማው ነበር?

እኔ የምጸልየው በአማርኛ ነው። ትናንት ማታ ልጄ በስልክ የመኝታ ጸሎቷን አሰማችኝ፤ በእንግሊዝኛ። ደስ ብሎኝ አሜን አልኩ።

የአላስካን ልጆች ጃክሰን ከለከላቸው። እኔን ማን ከለከለኝ?