ሁለት ዓመት የሚያስረው ውል

በእንግሊዝ አገር የሞባይል ስልክ ውል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ይፈረማል። ሁለቱን ዓመት ታስሮ የሚቀመጠው ግን ደንበኛው ብቻ ነው፤ ዋጋው በየዓመቱ የፀደይ ወራት ሲደርሱ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ለአዳማ ሰው ማስረዳት ከድርጅቱ ሠራተኞች ጋር ከመከራከር ይከብዳል። ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ስለሞከርኩት አውቀዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሲጋመስ እናቴ ቤት ነበርኩ። ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ረዘም ያለ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት። ስልኬ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል፤ በአንዱ ላይ የአገር ቤቱ ቁጥር፣ በሌላው ላይ የለንደኑ ነበር። የለንደኑን ጥዬው ልመጣ አልችልም፤ ባንኬ ገንዘብ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ የሚልክልኝ በእሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ነፋስ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንኳኳ፣ ከስልክ ድርጅቴ መልእክት ገባ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያህ በ14.4 በመቶ ይጨምራል ይላል። ታች ላይ ደንበኛችን ስለሆንክ እናመሰግናለን የሚል ነበረበት።

14.4 ከየት መጣ? ያን ጊዜ በብዙዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች ውል ውስጥ የነበረው አንቀጽ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል፣ በዚያም ላይ 3.9 በመቶ ጨምረን እናስከፍላለን የሚል ነበር። መለኪያው ጥር ላይ የሚታወጀው የታኅሣሥ ወር የሸማቾች ዋጋ ዕድገት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይህ 10.5 በመቶ ደርሶ ነበር፤ 3.9 ሲደመርበት 14.4 ሆነ። ሌላ ዓይነት መለኪያ የሚጠቀሙት ደግሞ በዚያው ዓመት 17.3 በመቶ ድረስ ጨምረዋል፤ የእኔ በዚያ ሲታይ ዕድለኛ የሚባል ነበር። እከፍል የነበረው በወር 32 ፓውንድ ነው። ወደ 36 ፓውንድ ከ61 ሳንቲም ከፍ አለ።

እናቴ ማንኛውንም የውጭ ገንዘብ ወደ ብር ካልመለሰች አይገባትም። ልዩነቱ በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ በወር ሦስት መቶ ብር ገደማ ነው ስላት «ለአንድ ስልክ ጭማሪ ብቻ?» አለችና ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። እህቴ ግን መፍትሔ ነበራት። «ሲሙን አውጥተህ ጣለው፤ ሌላ ግዛ።»

ይህ የቅድመ ክፍያ አገር ሰው ምክር ነው፤ እዚህ ደግሞ ፍጹም ትክክል ነው። በአዳማ ሰው ካርድ ይሞላል ወይም በቴሌብር የቀን፣ የሳምንት፣ የወር ጥቅል ይገዛል፤ ሲያልቅበት አለቀ፣ ማንም ዕዳ አለብህ ብሎ አይመጣበትም። የጥቅሉ ዋጋ ሊጨምር ይችላል፤ ጨምሮም ያውቃል። ግን የሚጨምረው ቀጥለህ በምትገዛው ላይ ነው፤ ካልተስማማህ አትገዛም። ሳፋሪኮም ከገባበት ከዚያው 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ሁለት ሲም ይዘው ዛሬ የረከሰውን እየመረጡ ይጠቀማሉ። በለንደኑ ውል ግን ሲሙን ፍራንኮ አደባባይ ላይ ብወረውረውም ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሒሳቤ በቀጥታ መቆረጡን ይቀጥላል። ባንኩ እንዳይከፍል ካዘዝኩ ደግሞ ያልተከፈለው ዕዳ በስሜ ይመዘገብና ስድስት ዓመት የብድር ታሪኬ ላይ ይቀመጣል። ቤት ለመግዛት ብድር ስጠይቅ፣ ሌላው ቀርቶ ሌላ የስልክ ውል ስፈርም ያንን ያዩታል። ስደተኛ የብድር ታሪኩን ከባዶ ተነሥቶ ነው የሚገነባው፤ በአራት ፓውንድ አያቃጥለውም። ይህንን የሚያውቁት ድርጅቶቹም ናቸው።

ከሁሉ ያብከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። የምከፍለው 32 ፓውንድ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የቀፎው ዋጋ ነበር። የኔትወርኩ ወጪ ጨመረ ቢሉኝ ይገባኛል፤ የመብራት ዋጋ ጨምሯል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ጨምሯል፣ ምሰሶ ይተክላሉ። ቀፎው ግን ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ኪሴ ውስጥ ገብቶ እየተቧጨረ ነው። እሱም አብሮ በ14.4 በመቶ ጨመረ! ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ዕቃ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በእህል ንግድ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊጠይቀን ሲመጣ እህቴ ወሬውን ነገረችው፤ እሱም መነጽሩን አስተካክሎ እንደ ዳኛ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ስትፈርም ዋጋ ቆርጣችኋል?»

«ቆርጠናል ጋሼ፤ ሠላሳ ሁለት።»

«ታዲያ ምን ብሎ ይጨምራል?»

«በየዓመቱ እጨምራለሁ ብሎ ውሉ ላይ ጽፏል። አይቼው ነው የፈረምኩት፤ ትልልቆቹ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጽፉ ማምለጫ አልነበረውም።»

«ስንት እንደሚጨምር ጽፏል?»

«አልጻፈም። እሱ በገበያው ይወሰናል ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ዋጋ አልቆረጣችሁም» አለ። «እኔ ለገበሬ ቀብድ ሰጥቼ፣ እሱ ደግሞ ጤፉን ሲያመጣ ‹ዋጋውን ገበያው ይንገረን› ቢለኝ ቀብዴን አስመልሳለሁ። አንተ ግን መመለስ እንኳን አትችልም። ይሄ የአንድ ወገን ውል ነው።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቃሉን በአእምሮዬ ይዤው ቀረሁ።

ከድርጅቱ ጋር የተነጋገርኩት በጽሑፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ በእንግሊዙ ቁጥር መደወል ከጭማሪው በላይ ያስወጣ ነበር። የጎረቤትን ዋይፋይ ተውሼ ጀመርኩ። መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው፤ ሰው እስኪመጣ አንድ ሲኒ ቡና ይጠጣል። ሰው ሲመጣ ደግሞ መብራት ጠፋ፤ ውይይቱ ተዘጋ፤ ከማሽኑ እንደገና። በመጨረሻ ያገኘሁት ልጅ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ግን ግድግዳ ነው። ጭማሪው ውልዎ ላይ ስለተጻፈ ያለ ቅጣት መውጣት አይችሉም አለኝ። ሕጉም ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ነበር። ድርጅቱ ውሉ ላይ የሌለ ጭማሪ ካመጣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አሳውቆ ደንበኛው ያለ ቅጣት እንዲሄድ መፍቀድ አለበት፤ አስቀድሞ የተጻፈ ጭማሪ ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢበዛ ይህ መብት አይሠራም። ለመውጣት ብፈልግ ያስከፍሉኝ የነበረው እስከ ውሉ መጨረሻ ድረስ ካለው ክፍያ ብዙም የማይርቅ ነበር።

ስለዚህ ወደ ክርክር ሳይሆን ወደ ግብይት ገባሁ። በዚህ ረገድ የአዳማ ገበያ ልጅ መሆን ይረዳል፤ እንግሊዞች ሲከራከሩ ይቅርታ ያበዛሉ፣ እኛ ግን ዋጋ እንጠራለን። ሊለቅ የሚፈልግ ደንበኛን የሚያግባባ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው፤ እዚያ እንዲያስተላልፈኝ ጠየቅሁ። ውሌ ሲያልቅ እንደምሄድ፣ ሌላ ድርጅት ያለ ቀፎ በምን ያህል እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። የተገኘው ይህ ነው፦ የዳታ መጠኑን በግማሽ ዝቅ ካደረግሁ ከአዲሱ ክፍያ ላይ አምስት ፓውንድ ይቀነስልኛል። ቤት ዋይፋይ ስላለኝ ግማሹም ይበቃኛል፤ ተስማማሁ።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ፀደይ፣ ያው አንቀጽ ተመልሶ መጣ። የዋጋ ንረቱ ወደ 4 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ያቺ 3.9 ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ድምሩ 7.9 ሆነ። ክፍያዬ 34 ፓውንድ ከ11 ሳንቲም ደረሰ። ሙሉ ዳታ በ32 ይዤ የገባሁ ሰው በግማሽ ዳታ ከ34 በላይ ከፈልኩ ማለት ነው፤ ያውም ተከራክሬ፣ ያውም ቅናሽ አግኝቼ። ስለ ዋጋ ንረቱ ማንንም አልወቅስም። ያቺን 3.9 ግን እስከ ዛሬ የተረዳኋት አይመስለኝም፤ ንረቱ ወጪን የሚሸፍን ከሆነ እሷ ምን ትሸፍናለች?

ውሉ ሊያልቅ ሲል ድርጅቱ ራሱ ማስታወቂያ ላከልኝ። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ግዴታቸው ነው፤ ውልህ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ የምትከፍለው ይህን ያህል ነው ብለው መንገር አለባቸው። ማስታወቂያውን ችላ የሚል ሰው ዕዳው ያለቀ ቀፎ ዋጋ መክፈሉን ሊቀጥል ይችላል፤ እንደዚያ የሚከፍሉ የአገሬን ልጆች አውቃለሁ። ለመውጣት ከማንም ጋር መነጋገር አያስፈልግም። ቁጥሩን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው «ፓክ» የሚለውን በእነሱ ፊደል (PAC) ጽፎ ወደ 65075 በነፃ ይልካል፤ ለ30 ቀን የሚያገለግል ኮድ ወዲያው ይመጣለታል፤ ያንን ለአዲሱ ድርጅት ይሰጣል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ከዚያ በፊት ኮዱን ለማግኘት ደውሎ ለምን ትሄዳለህ የሚለውን ልመና መስማት ግድ ነበር። እኔም ልኬ ወጣሁ፤ ቀፎዬን ይዤ ወር በወር ወደሚከፈል የሲም ብቻ አገልግሎት ገባሁ። ክፍያዬ ከሲሶ በታች ወረደ።

የአጎቴን ቃል ያስታወስኩት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም፣ ከጥር 17 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚፈረሙ አዲስ ውሎች ከዋጋ ንረት ወይም ከመቶኛ ጋር የተያያዘ ጭማሪ እንዳይገባ ከለከለ። መጨመር የሚፈልግ ድርጅት ስንት ፓውንድ ከስንት ሳንቲም፣ መቼ እንደሚጨምር ከመፈረሙ በፊት በግልጽ መጻፍ አለበት። ምክንያቱ ደንበኛው ወደፊት ምን ያህል እንደሚከፍል ሳያውቅ መፈረሙ ነው። ለአጎቴ ደውዬ ስነግረው «ይህንን ለማወቅ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል?» አለኝ።

ደንቡ ጥሩ ነው፤ ግን ጭማሪን አላስቀረም፤ ቁጥሩን እንዲታይ አደረገ እንጂ። እንዲያውም አዲስ ጣጣ አመጣ። ብዙ ድርጅቶች ለሁሉም ደንበኛ እኩል ቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ በየዓመቱ 1 ፓውንድ ከ80 ሳንቲም። በወር 36 ፓውንድ ለሚከፍል ሰው ይህ 5 በመቶ ነው። 10 ፓውንድ ለሚከፍል ግን 18 በመቶ ነው፤ እኔን ካናደደኝ 14.4 ይበልጣል። ርካሹን የሚመርጠው ደግሞ አዲስ የመጣው ስደተኛ፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጸው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ድርጅት ለነባር ደንበኞቹ የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ 1.80 መሆኑ ቀርቶ 2.50 ነው ብሎ አስታወቀ። ተቆጣጣሪው ቅር መሰኘቱን ገለጸ፤ መንግሥትም አስተያየት ሰጠ። ይህ ግን ውሉ ላይ ያልነበረ ቁጥር ስለሆነ ደንበኞቹ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መውጣት ይችሉ ነበር። ቀፎ በዱቤ የወሰዱት ግን የቀፎውን ቀሪ ዕዳ መክፈል አለባቸው፤ ከውል የሚወጡ እየመሰላቸው ዕዳውን የሚረሱ አሉና።

የአክስቴ ልጅ በዚያው መጸው ከአዳማ ለትምህርት መጣች። በሳምንቷ ከአንድ ሱቅ ደወለችልኝ፤ ሻጩ በጣም የሚያምር ስልክ አሳይቷታል፣ ለሁለት ዓመት። የብድር ታሪክ ስለሌላት ላይፈቀድላት እንደሚችል ነገርኳት፤ እሷ ግን ሻጩ እንሞክር እያላት ነው። «የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ስንት እንደሆነ ጠይቂው፤ ወረቀቱ ላይ ያሳይሽ» አልኳት። ጠየቀችው። ልጁ ትንሽ ፈልጎ አሳያት። ከዚያ በስልኩ ውስጥ እኔ እየሰማሁ በወር ሊያስከፍላት ያሰበውን በሁለት ዓመት አባዝታ፣ ጭማሪውን ደምራ፣ ያንኑ ቀፎ ሌላ ቦታ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ጋር አስተያየችው። ሒሳብ ከአጎቴ ነው የወረሰችው።

ከቤት ያመጣችውን ስልክ ይዛ፣ ወር በወር የሚከፈል ሲም ብቻ ገዝታ ወጣች። እሱም ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ግን በጨመረ ቀን ለ65075 መልእክት ልካ ትሄዳለች።