ሴሊካዬን ወኪል ጋራዥ ልውሰዳት ወይስ ግቢዬ ውስጥ ልክፈታት?

41,600 ብር። ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ወኪል ጋራዥ የሰጠኝ ዋጋ ነው። ከሞተሩ ጎን ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። አዩና "የቲሚንግ ቼይኑ ሽፋን መከፈት አለበት" አሉኝ። ቲሚንግ ቼይን የሞተሩን ክፍሎች በጊዜያቸው አብሮ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። የእጅ ዋጋው 14,000፣ ዕቃው 27,600። ዕቃ ከተባለው ውስጥ ጓርኒሲዮን አለ፣ ሲሊኮን አለ፣ ዘይት አለ፣ "አንዴ ከተከፈተ አይቀር" ተብሎ የተጨመረ የውሃ ፖምፓና ችንጋም አለ። አመስግኜ ወጣሁ። ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላ ያንኑ ችግር ግቢዬ ውስጥ በ950 ብር ፈታሁት።

ይህን ያነበበ ሰው "በቃ፣ ሁሉን ነገር ራሴ እሠራለሁ" እንዲል አልፈልግም። ሒሳቡ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሰብስቤ ያየሁት ነገር መጀመሪያ ካሰብኩት የተለየ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ የ2001 ሞዴል፣ ከአጎቴ የገዛኋት። ቶዮታ ሴሊካን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ማምረት ሲያቆም የመጨረሻዋ የነበረችው ይቺ ሰባተኛዋ ትውልድ ናት። ሞተሯ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ይባላል፣ 1.8 ሊትር፣ 140 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ይሄ ግን የባሕር ጠለል ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እኔ ግን የምወዳት ለፍጥነቷ ብቻ አይደለም። ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው፣ መሪዋ መንገዱን እጅህ ላይ ያመጣልሃል። እሑድ ጠዋት ከተማው ሳይነቃ፣ በዘንባባዎቹ መሀል፣ ባጃጅ ሳይበዛ መንዳት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ብሸጣት ደግሞ ምትክ የለኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ሄደ። ስለዚህ ያለችኝን መያዝ አለብኝ፣ በደንብ መያዝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ስለ መኪና ጥገና ኢንተርኔት ላይ የምናየው አብዛኛው ቪዲዮ የአሜሪካ ነው። እዚያ ብዙ ወኪል ጋራዦች ለአንድ ሰዓት ሥራ ከ150 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ሰውዬው ራሱ ሲሠራ ትልቁን ወጪ፣ የእጁን ዋጋ፣ ያድናል። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። እጅ ርካሽ ነው፣ ዕቃ ውድ ነው። ይህን ልዩነት ሳትይዝ "ራስህ ሥራው፣ ግማሹን ታተርፋለህ" የሚለውን ምክር ከወሰድክ ትሸወዳለህ።

የዘይት ቅያሬን እንይ። ወኪል ጋራዡ ዘይት 6,200፣ ፊልትሮ 1,700፣ እጅ 2,300 ብሎ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ 11,730 ብር አስከፍሎኛል። እኔ ራሴ ስቀይር አራት ሊትር ዘይት በ4,800፣ ፊልትሮ በ950፣ የማፍሰሻ ቡሎኗን ቀለበት በ80 ገዝቼ 5,830 ወጣብኝ። 5,900 ብር ተረፈ ማለት ነው፣ ደስ ይላል። ግን ያንኑ የገዛሁትን ዕቃ ይዤ ሰፈር ጋራዥ ብሄድ የእጅ 400 ብር ብቻ ነው የሚጠይቁኝ። ለክሪክ፣ ለመኪና መደገፊያ ብረቶች፣ ለቁልፍ ስብስብና ለቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን ለክቶ ለሚያጠብቀው) ደግሞ 26,500 ብር አውጥቻለሁ። ከወኪሉ ጋር ሳወዳድረው በአምስት ዘይት ቅያሬ ይመለሳል። ከሰፈር ጋራዡ ጋር ሳወዳድረው ግን 66 ጊዜ ዘይት መቀየር አለብኝ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ስለምቀይር 330,000 ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው።

ታዲያ ለምን ራሴ እሠራለሁ?

አንደኛ፣ ሰፈር ጋራዥ አንድ ጊዜ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኗን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው አጠበቋት። በሚቀጥለው ስፈታት ጥርሷ ተበልቶ ከነብረቱ ወጣች። ለቡሎኗ የተወሰነው ጥብቀት 37 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያን ያህል ጉልበት የሚፈልግ ነገር አይደለም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በቀን ስንት አይሱዙ የሚፈቱበትን ክንድ ነው ለእኔም ያዋሉት።

ሁለተኛውና ዋናው ዕቃው ነው። ወጪው ዕቃው ላይ ከሆነ፣ ገንዘብህን የምታድነው ዕቃውን በማወቅ ነው። የሴሊካ ዕቃ ብለህ ሶማሌ ተራ ከጠየቅህ መጀመሪያ "የለም" ትባላለህ፣ ቀጥሎ "ላስመጣልህ" ትባላለህ፣ ከዚያ የሚነገርህ ዋጋ አያስተኛም። ሞተሯ ግን የሴሊካ ብቻ አይደለም። 1ዜድዜድ የዚያ ዘመን ኮሮላ ላይም አለ። እኛ አገር በብዛት ያለው የ1.6ቱ ኮሮላ ሞተርም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ፊልትሮውን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ የቼይን መወጠሪያውን "የኮሮላ" ብዬ ነው የምገዛው። ካንዴላውንም እንደዚያው፣ ቁጥሩን አመሳክሬ። የውሃ ፖምፓ በሴሊካ ስም 14,000፣ በኮሮላ ስም 6,500 ተብያለሁ። ሣጥኑ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር አንድ ነው! ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የዕቃውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፣ ስሙን ተዉት። ለፍሬን ሸራና ለአካል ግን ይሄ አይሠራም፣ እነሱ የራሷ ናቸው።

ያ የ41,600 ብሩ ዘይትም መልሱ እዚሁ ነበር። የ1ዜድዜድ ባለቤቶች በሙሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። የቲሚንግ ቼይኑ መወጠሪያ በሽፋኑ ጎን በሁለት ባለ 10 ለውዞች ነው የታሰረው፣ ከኋላው ያለችው ኦሪንግ፣ ክብ የጎማ ማሸጊያዋ፣ ስትደርቅ ዘይት ታሳልፋለች። ዘይቱ ሽፋኑን ተከትሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ሽፋኑ ራሱ የሚያፈስ ይመስላል። እኔም ቦታውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ሞተሩን አስነስቼ ባትሪ አብርቼ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከመወጠሪያው ሥር አንዲት ቀጭን እርጥበት ብቅ አለች። ሽፋኑ ከዚያ በላይ ደረቅ ነበር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ለውዞች ፈትቼ መወጠሪያውን አወጣሁ። ኦሪንጓ በጥፍሬ ስነካት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረች። አዲሷ 350፣ ስፕሬዩ 600።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። መወጠሪያው ወጥቶ ሳለ ሞተሩን በፍጹም አታዙሩት፣ ቼይኑ ጥርስ ሊዘል ይችላል። መልሳችሁ ስትከቱትም ዘንጉ ገብቶ በመንጠቆው መያዝ አለበት፣ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ በእጅ ትንሽ ሲዞር መንጠቆው ይለቅቃል። ይህን ሳታውቁ አትንኩት።

ዘይት መብላቷንም ላንሳ፣ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሞተር ያስወርዳልና። ከ2002 በፊት የተሠሩት 1ዜድዜዶች ፒስቶናቸው ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽና ጥቂት ናቸው። በካርቦን ሲደፈኑ ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ይያዛል፣ ዘይቱ ይቃጠላል። የእኔዋ በ1,200 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ትበላ ነበር። "ሞተር ይታደስ" ያሉኝ ሁለት ቦታ ነው። እኔ መጀመሪያ የሞተሩን ጭስ መልሳ የምታስገባዋን ቫልቭ አወጣሁ። ስወዘውዛት ኳ ኳ ማለት ነበረባት፣ ዝም አለች። ቀየርኳት፣ ዘይቱንም በሰዓቱ መቀየር ጀመርኩ። አሁን በ2,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ነው። አልዳነችም፣ ግን በየሳምንቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ እያዩ መጨመር ከሞተር ማደስ እጅግ ይረክሳል። እነዚህ ሞተሮች የሚሞቱት ዘይት ስለበሉ ሳይሆን ባለቤቱ ሳያይ ዘይቱ ስላለቀ ነው።

ፍሬኑን ራሴ መሥራት የጀመርኩት ፈርቼ ነው። አምና ከአዲስ አበባ ስመለስ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ፣ ድልድዩ ሳይደርስ ፍሬኑ እግሬ ሥር ለስለስ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ማርሹን ወደ ሁለት አውርጄ፣ ቦታ ሳገኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። እዚያ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ፍሬን አይገፋም። የእኔው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ እህቴን መሪው ጋ አስቀመጥኳት። ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ በጣም ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀመርን። "ርገጪ።" "ረገጥኩ።" "ያዢ።" እኔ ማፍሰሻዋን ላላ አደርጋለሁ፣ እዘጋለሁ። "ልቀቂ።" ቱቦው ውስጥ የወጣው እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር። ብርዝ መስሎ ጥርት እስኪል ድረስ አራቱንም ጎማ ዞርን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፣ ሁለት ጠርሙስ ዘይት 1,000 ብር። እህቴ ስንጨርስ "እግሬን ገደልከው" አለች፣ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። ላይ ያለው ዕቃ እንዳይጎድል ግን በየመሀሉ ሙሉ። ከጎደለና አየር ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ክፍል) ውስጥ ከገባ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሳትሄዱ ላይወጣ ይችላል።

የማልነካው ነገርም አለ። ኤርባግ አልነካም። የኮምፒውተር ምርመራ የሚፈልገውን ለወኪል ጋራዥ እተዋለሁ፣ ከፍዬም አልቆጭም፤ መሣሪያውም ሥልጠናውም አላቸው። የጎማ አላይመንት መሣሪያ ያለው ቤት ነው። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ካምቢዮ ማውረድ ስለሆነ ከዓባይ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ እሄዳለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጄታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የትኛው ኩሽኔታ እንደሚጮህ ይነግሩኛል። "አንተ ልጅ፣ ሳትሰማ አትፍታ" ይሉኛል። ዕቃውን እኔ አመጣለሁ፣ እጁ የእሳቸው ነው፣ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። ለእኔ ከሦስቱም የተሻለው መንገድ ይሄ ሆኗል። ቀላሉን ራሴ፣ ከባዱን ከጋሼ ጋር፣ ኮምፒውተሩን ወኪሉ ጋ።

ክሪክ ላይ ብቻ በቆመች መኪና ሥር አትግቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። መደገፊያ ብረቶቹን ከሁሉም በፊት ግዙ።

ደግሞ የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ እባካችሁ። ከእኛ ሰፈር ቦይ ውስጥ የገባ ነገር ክረምት ሲመጣ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። ሐይቁን እንቦጩ ይበቃዋል። እኔ በጀሪካን አጠራቅሜ ለጋሼ እወስድላቸዋለሁ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡ ሰዎች ከእሳቸው ይወስዱታል።

ባሕር ዳር ያላችሁና ቶርክ ቁልፍ የሌላችሁ ጻፉልኝ። ለአንድ ቅዳሜ አውሳችኋለሁ፣ እሑድ ጠዋት ግን ይመለስልኝ።