«ማን መረመራት?»

መምህሩ ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና የተሰጠውን የሦስት ሰዓት ሥልጠና ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ስለ አንዲት ተማሪው ለትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ ባስገባው ቅጽ ላይ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ድብርት»።

አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

«ማን መረመራት?»

«ምልክቶቹ ሥልጠናው ላይ እንደተነገሩን ናቸው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ያየኸው ምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

ያየውማ ብዙ ነው። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከ4ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። ከ5 የቤት ሥራ ያስረከበችው 1 ነው። ጓደኛዋን ትታ የኋላ ወንበር ይዛለች፤ በትንሹም ትቆጣለች። (በዚህ ዕድሜ ድብርት ከሐዘን ይልቅ በብስጭት ሊገለጥ ይችላል፤ የመምህራን ክፍል ግን «ጥጋብ» ይለዋል።) ቅጹ ላይ መስፈር የነበረበት ይህ ነው፤ ከነቀኑ፣ እሷ ያለችውም በራሷ አነጋገር። ሐኪም ድብርት ለማለት ምልክቶቹ ቢያንስ 2 ሳምንት መዝለቃቸውን ስለሚያይ፣ ቀን የሌለው ወረቀት ብዙም አይረዳውም።

«እሷስ ምን አለችህ?»

«ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች።»

አማካሪዋ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ቃሉን የሰጠው ነገሩን ሳይሰማ ነው። ልጅቷ አፏን ሳትከፍት «አደጋ ላይ ከሆንሽ ለሚረዳሽ ሰው መናገሬ አይቀርም፤ ለማን እንደሆነ ግን ቀድሜ እነግርሻለሁ» ማለት ነበረበት። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነም አልጠየቃትም፤ ሐሳቡን እንዳያስገባባት ፈርቶ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ አለመጠየቅ ግን ልጅቷን ከነሐሳቧ ብቻዋን ይተዋታል። ሥልጠናው ምልክት ሲቆጥር ሰዓቱ አልቆ እዚህ አልደረሰም።

በዚያው ቀን፣ ከመውጫው ደወል በፊት፣ ተመልሶ ጠየቃት። «አላሰብኩም፤ ደክሞኛል» አለች። ቃሉን ማጠፉንም ነገራት። ለሁለት ቀን አኮረፈችው፤ በሦስተኛው ደብተሯን ይዛ መጣች።

አዲሱ ቅጽ ሰባት መስመር ሞላ፤ አንድም የበሽታ ስም የለበትም። የአማካሪዋ ቀጠሮ የደረሰው በ9ኛው ቀን ነው። እስከዚያ በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ በር ላይ የሚያነጋግራት እሱ ነበር፤ ይህን የሚያስመዘግብበት ቅጽ የለም።

በወሩ መጨረሻ የአማካሪዋ ሪፖርት ለስብሰባ ቀረበ። «የችግሩ ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር፦ «ድብርት፣ 1»።

መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ከጎረቤቱ ተዋሰ።