ሦስት መረብ፣ አንድ ስህተት

የማስተርስ መመረቂያዬን የሠራሁት በጋዝ ተርባይን ምላጭ ማቀዝቀዣ ላይ ነው፤ የጋለ ጋዝ የሚያልፍበት ክንፍ መሰል ብረት ምን ያህል እንደሚግል በኮምፒውተር ማስላት። «መብራታችን ከውሃ፣ ተርባይናችንም የውሃ፤ አንተን ምን ያቃጥልሃል?» ያላለኝ ዘመድ የለም። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ግን ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው። ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ከ1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል፤ ምላጩ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች ይቀልጣል። ምላጩን ከመቅለጥ የሚያድነው አየር ከሚያምቀው የሞተሩ ክፍል፣ ከኮምፕረሰሩ፣ ተቀንሶ በሆዱ ውስጥ የሚያልፈው አየር ነው።

ውጤቴን የማመሳክርበት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው የሲ3ኤክስ ምላጭ ሙከራ ነበር። ምላጩ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ 10 ክብ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎች አሉት፤ ልኬቱ ሁሉ በነፃ ይገኛል። ፍሰቱንና ሙቀቱን የማሰላበት ፕሮግራምም ነፃው ኦፕንፎም ነው። ቅርጹን መሳል ሦስት ቀን ፈጀ፤ የመግቢያ ግፊትና ሙቀት መሙላት ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ። ለብረቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ቋሚ ቁጥር አትስጡ፤ ብረቱ ሲግል ይጨምራል። ሰነዱ የብረቱን ሙቀት ያስቀመጠው ለ811 ኬልቪን አካፍሎ ስለሆነ እናንተም በዚያው አካፍሉ። እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው።

ያቃጠለኝ መረቡ ነው፤ ማለትም አየሩና ብረቱ ለስሌት የሚከፋፈሉባቸው ጥቃቅን ክፍሎች። ከግድግዳው ተጣብቆ የሚያልፈው ስስ የአየር ንብርብር ሙቀቱ ወደ ብረቱ የሚገባበት በር ነው። የእኔ መረብ ግድግዳው ላይ ያላት የመጀመሪያ ክፍል ውፍረቷ 60 ማይክሮን ነበር፤ የአንድ ፀጉር ያህል። ለዓይን በጣም ቀጭን ናት። ጋዙ ወደ ድምፅ ፍጥነት በሚጠጋበት በዚህ ምላጭ ግን ከ2 እስከ 3 ማይክሮን መሆን ነበረባት። ባለሙያዎች ዋይ ፕላስ በሚሉት፣ የመጀመሪያዋ ክፍል ለግድግዳው ምን ያህል እንደቀረበች በሚያሳየው መለኪያ ከ1 በታች መውረድ ሲገባኝ 18 ላይ ተቀምጬ ነበር። ያ ደግሞ ግድግዳውን በቀጥታ ለማስላትም፣ በግምታዊ ቀመር ለማለፍም የማያመች፣ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው።

ይህንን ለምን አላየሁም? ውጤቱ ስላማረ ነው። ያሰላሁት የብረቱ ሙቀት ከናሳ የመለኪያ ነጥቦች ላይ ተደርቦ ቁጭ አለ። በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ ሳቀርበው ተጨበጨበልኝ። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ «በሦስት መረብ ሠርተህ ልዩነቱ ከ1 ከመቶ በታች መሆኑን በሠንጠረዥ አሳይ» ይላል፤ አሳየሁ። ሦስቱንም መረቦች ያጠራኋቸው፣ ማለትም ክፍሎቻቸውን ያሳነስኩት፣ ግን ከግድግዳው ርቄ ነው፤ ያቺ 60 ማይክሮን በሦስቱም ውስጥ እንዳለች ነበረች። ሦስት ምስክር አንድ ቤት አድሮ ቢመጣ ቃሉ መግጠሙ ምን ይገርማል? መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ምን ይበሉ ምን፣ የዋይ ፕላስ ካርታ ያልተያያዘበትን ሠንጠረዥ አትመኑ።

ጉዱን ያወቅሁት ሴሚናሩ ካለፈ በኋላ ለራሴ እርካታ ብዬ ግድግዳውን ሳጠራ ነው። አዲሱ መረብ በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ዘጠኝ ቀን ይፈልግ ነበር። በሁለተኛው ምሽት የጥበቃው አዛውንት መጥተው አጠፉት። «ልጄ፣ ሰው የሌለበት ኮምፒውተር ምን ይሠራል?» አሉኝ ጠዋት። ትእዛዝ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሁሉም ይጠፋል። እሳቸውን አልቀየምም። የምቀየመው «በርቶ እንዲያድር ተፈቅዷል» የምትል አንዲት መስመር ደብዳቤ ማህተም እስኪያርፍባት 12 ቀን ከቢሮ ቢሮ ያመላለሱኝን ነው። ደብዳቤው ወጣ፣ ስሌቱ ተጀመረ፣ በሰባተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በየመካከሉ እንዲያስቀምጥ አላዘዝኩትም ነበር። ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው፤ እስካሁን ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። በየ200 ዙሩ እንዲያስቀምጥ እዘዙት፤ ዲስኩ ቢሞላ ይሙላ።

በመጨረሻ ውጤቱ ሲመጣ የምላጩ ጎባጣ ጀርባ ከተለካው በ40 ኬልቪን ገደማ ግሎ ተገኘ። መረቡ ተሻሽሎ መልሱ ተበላሸ! አልዋሽም፣ አሮጌውን መረብ መልሼ ዝም ልል ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። የአየሩን መናወጥ ለመገመት የተጠቀምኩበት ኬ ኦሜጋ ኤስኤስቲ የተባለው ሞዴል አየሩን ከምላጩ አፍንጫ ጀምሮ የተናወጠ አድርጎ ይቆጥረዋል። በእውነተኛው ምላጭ ጀርባ ላይ ግን አየሩ ጥሩ ርቀት ረግቶ ከተጓዘ በኋላ ነው የሚናወጠው፤ የረጋ አየር ደግሞ ወደ ብረቱ የሚያስገባው ሙቀት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ሙቀቱን ሲያበዛ ወፍራሙ መረቤ ያሳንሰው ነበር። ያ የተጨበጨበለት ግራፍ የሁለት ስህተቶች መቻቻል ነበር።

ከመርጋት ወደ መናወጥ የሚደረገውን ሽግግር የሚያሰላውን የላንግትሪና የሜንተር ሞዴል ስጠቀም ልዩነቱ በአብዛኛው ቦታ ከ3 ከመቶ በታች ወረደ። ሽግግሩ ባለበት አካባቢ ግን ነጥቦቹ ዛሬም አይገጥሙም፤ የሚገባውን አየር የመናወጥ መጠን ጥቂት ስነካው ቦታው ይንሸራተታል። እስኪገጥም ድረስ መነካካት ይቻል ነበር። አልነካካሁም፤ በዚህ እኮራለሁ።

በመመረቂያው ቀን ሁለቱንም ግራፎች ጎን ለጎን አድርጌ፣ የሴሚናሩ ለምን እንዳማረ አስረዳሁ። አንደኛው ፈታኝ «ታዲያ የመጀመሪያው ይሻል ነበር» አሉ። እንደገና አስረዳሁ። ከሳምንት በኋላ የደረሰኝ የማስተካከያ ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር፤ ሁሉም ስለ ኅዳግ ስፋትና ስለ ሥዕሎች ቁጥር አሰጣጥ።