ማሳሙኔን አንብቤ ባሌስትራ ሰነጠቅኩ

ቢላ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ዛሬ የሁለት ቢላዎቼን ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው አልተረፈም።

ጣጣው የመጣው ከማሳሙኔ ነው። ማሳሙኔ ከ700 ዓመት በፊት ገደማ በጃፓን፣ በካማኩራ የሠራ ሰይፍ ቀጥቃጭ ነው። ጃፓኖች ሰይፍ ካሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው። እኔም እንደብዙዎቻችን የዚያ አገር ሰይፍ ምስጢሩ ብረቱን ሺህ ጊዜ ማጠፍ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚታጠፈው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ነው። 15 ጊዜ ሲታጠፍ ንብርብሩ 32,768 ስለሚደርስ ነው ወሬው የገነነው። የሚያጥፉትም ወደው አይደለም። ከብረት አሸዋና ከከሰል የሚወጣው አረብ ብረታቸው አንዱ ጋ ካርቦን ይበዛዋል፣ ሌላው ጋ ያንሰዋል፤ ቆሻሻም አለው። እንደ ሊጥ አሽተው ያስተካክሉታል። የዛሬ የፋብሪካ ብረት ድሮውንም የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ማጠፉን ተውኩት፤ ትከሻዬም አመሰገነኝ።

ዋናው ጉድ ያለው ውሃው ላይ ነው። ቀጥቃጩ ሸክላ፣ የከሰል ዱቄትና የሞረድ ድንጋይ ዱቄት ለውሶ ሰይፉን ይቀባዋል፤ ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ አድርጎ። ከዚያ የእሳቱን ቀለም ለመለየት ቤቱን አጨልሞ ያግለውና ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ጀርባው ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ለስለስ ይላል። ስለቱ ሲጠነክር መጠኑም ትንሽ ስለሚጨምር ቀጥ ያለው ሰይፍ እዚያው ውሃ ውስጥ ወደ ጀርባው ይቀለበሳል። የሰይፉ ቅስት ብዙውን ጊዜ በመዶሻ ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

በጠንካራውና በለስላሳው መሃል የሚቀረውን ነጭ መስመር ሐሞን ይሉታል። ከእኛ ሐሞት ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ለመክተት ሐሞት ያስፈልጋል። ማሳሙኔ የተደነቀው በዚሁ መስመር ነው፤ ዳሩ ላይ እንደ ከዋክብት የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ይታያሉ።

እኔ ደግሞ የመኪና ባሌስትራ ሸክላ ቀብቼ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። «ቀጭ» አለ። ከስለቱ እስከ ጀርባው ተሰነጠቀ። በኋላ እንደገባኝ፣ ባሌስትራ ክሮሚየም አለበትና በዘይት ቢቀዘቅዝም ይጠነክራል፤ ውሃ ይፈጥንበታል። ውስጥ ድረስ ስለሚጠነክርም ባይሰነጠቅ እንኳ መስመሩን እምብዛም አያሳይም።

ሁለተኛውን ከአሮጌ ሞረድ ሠራሁት። አግዬ አመድ ውስጥ ቀበርኩት፤ ሲነጋ ለስልሶ ነበር። (ርካሽ ሞረድ እንዳትገዙ፤ አንዳንዱ ላዩን ብቻ ነው የጠነከረው።) ማታ ሸክላ ቀብቼ፣ መብራት አጥፍቼ ማግኔት መሳቡን እስኪያቆም አጋልኩት፣ ትንሽ ጨመርኩለትና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ዝም አለ። ከዚያ ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ለባለቤቴ ዳቦ ነው አላልኳትም፤ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ላዩን ወልውዬ በሎሚ ስቀባው መስመሩ ወጣ! ጫፉ አካባቢ ይጠፋል፤ እዚያ ሸክላው በዝቶበት መሰለኝ።

የማሳሙኔን መስመር አንድ ቀን በዓይኔ ማየት እመኛለሁ። ከሰይፎቹ ዝነኛው፣ ሆንጆ ማሳሙኔ የሚባለው፣ ግን ጠፍቷል። ስሙን ያገኘው ሆንጆ ሺጌናጋ ከተባለ የጦር አለቃ ነው፤ ባላጋራው በዚህ ሰይፍ የራስ ቁሩን ቢሰነጥቅበትም ሺጌናጋ ተርፎ፣ ሰይፉን ማርኮ ወሰደው ይባላል። ኋላ በቶኩጋዋ ገዢዎች ቤት ሲወራረስ ኖሮ በ1939 እ.ኤ.አ. የአገር ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ.፣ የጦር መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ቶኪዮ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የደረሰበት አልታወቀም። ያንን የሚያህል ሰይፍ!

ሦስተኛውን ሞረድ ትናንት ከምናለሽ ተራ ገዛሁ። አሁን አመድ ውስጥ ነው።